የእድሩ ጥሪና ሁለቱ ሰርቨሮች

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሀሌሉያ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ያለሽበት ፊንላንድ ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ብርዱስ? እኛ ጠባቂያችን አልተወንምና ይኸው አለን። እህቴ እትዬ ጌጤ አብዝታ ሰላም ብላሻለች። ትንሽ ብርድ መቷት ተኝታለች እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ይህን ያህል ዘመን ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ስጽፍ ጉዳይ ይዤ መምጣቴን ሳታውቂው አትቀሪም፤ ስለዚህ አላድበሰብስም። ዝምድናችን ሩቅ ነው፤ አያትሽ ደሳለችና እናቴ የእህትማማች ልጆች ናቸው። ነገር ግን የኮምፒውተር ሙያ ያለው ሰው ከዘመድ ብፈልግ ካንቺ በቀር አላገኘሁም።

የሰፈራችንን እድር ታስታውሻለሽ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አባላቱ ተበትነዋል፤ ገሚሱ ገላን፣ ገሚሱ ኮዬ ፈጬ፣ የቀረው ቦሌ አራብሳ ነው። ዛሬ ጡሩንባ ቢነፋ የሚሰማው እኛና ከመንገዱ በላይ የቀሩት ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለእድሩ ዌብሳይት ሠራሁለት። ማንንም ሳልለምን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ሰው ሲሞት ጸሐፊያችን ኑሕ የሟቹን ስም ከአባላት ዝርዝር ይመርጣል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይሞላል፤ ፕሮግራሙ በተዘጋጀው ጥሪ ላይ ክፍት ቦታዎቹን በስሙና በሰዓቱ ይተካል፤ ጥሪው በየአባሉ ስልክ ይገባል። ከጥሪው ሥር ደግሞ ቀብር መገኘት ያልቻለ አባል የቀሪ ቅጣቱን የሚከፍልባት ቁልፍ አለች። እሷንም ያሰብኳት እኔ ነኝ። ድሮ ቅጣት ለመሰብሰብ ሽማግሌዎች በየቤቱ ሲዞሩ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ይከርሙ ነበር።

ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ሊቀመንበሩ አቶ ዮፍታሔ «ርካሽ ሰርቨር ተገኝቷል» ብሎ ኮሚቴውን አሳመነ። አዛወርኩት። ከዚያ ወዲህ ፊደል ይሰበራል። ሁሉም ቢሰበር ባልገረመኝ። «አቶ» ከሚለው «አ» ይጠፋና በቦታው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይቀመጣል፤ «ቶ» ደህና ነው። «ጠዋት» ይሰበራል፣ «ማታ» አይሰበርም። ያንኑ ኮድ፣ ነጥብ ሳልለውጥ፣ ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ሳስነሳው ሁሉም ፊደል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሃያ ዓመት በላይ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ዓይነት ግብአት ሁለት ዓይነት ውጤት ሲሰጥ እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ሳምንት ባለጋራዡ አቶ ኪሩ ሞቱ። ጥሪው እንዲያ ተሰባብሮ ሄደ። ሬሳውን እስከ ቀጨኔ መድኃኔዓለም የተሸከምነው የሟቹ ልጆች፣ ባለሱቁ ሳቢት፣ እኔና ከመንገድ የለመንነው ሰው ነን። በማግስቱ አባላቱን ቅጣት ብንጠይቅ «ምን እንደተጻፈ አልገባንም» አሉን። ምን ይባላሉ? ልክ ናቸው።

እባክሽ ልጄ፣ ይህን ነገር እዪልኝ። አይቸኩልም፤ ነገር ግን አትቆዪ።

ፊሊሞን ዋቅጋሪ


ታምፔሬ
ኦክቶበር 28፣ 2025

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ፊሊሞን፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ከወዲሁ በረዶ ጥሏል፤ ፀሐይዋም ብቅ ብላ ሰላም ሳትል ትመለሳለች።

«አይቸኩልም፤ ነገር ግን አትቆዪ» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ክረምት ክረምት ሒሳብ ሲያስጠኑኝ «ገብቶሻል? ካልገባሽ አትዋሺኝ፤ ከገባሽ ደግሞ አታስመስዪ» ይሉኝ ነበር። ያው ነዎት።

እማማ ጌጤን ብርድ መታቸው ማለት ግን ምን ማለት ነው? እሳቸውኮ ብርድ የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። አያቴ ደሳለች ያረፈች ዕለት፣ ሰማዩ ሳይገልጥ፣ የንፍሮ ድስት ተሸክመው ከሁሉ ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። እኔ ገና ሕፃን ነኝ። አፈፍ አድርገው «ነይ እስቲ፣ ይሄን ሽንብራ ልቀሚልኝ፤ ለቅሶው የትም አይሄድም» አሉኝ። ስለቅም ማልቀሱን ረሳሁት። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ስለ ሰርቨሩ፦ ኮዱን እንዳለ ይላኩልኝ። «ይህን ይመስላል» ብለው አያሳጥሩት፤ እርስዎ እንደማያሳጥሩ ባውቅም የሙያዬ ልማድ ሆኖ ነው። የተሰበረውን ጥሪና ያልተሰበረውንም ጎን ለጎን ያድርጉልኝ። ወደ ሁለቱም ሰርቨሮች የሚያስገባኝን የይለፍ ቃል ቢልኩልኝ ደግሞ በዓይኔ አይቼ እፈርዳለሁ።

ልጅዎ ሀሌሉያ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሌሉያ፤

በፍጥነት ስለመለስሽልኝ ዕድሜሽ ይርዘም፤ እጅሽ የያዘው ሁሉ ይቃናልሽ። ነገር ግን «ኦክቶበር» ብለሽ አትጻፊልኝ። በአማርኛ ደብዳቤ ላይ የአማርኛ ቀን ይጻፋል። ካጣሽው ቆጥረሽ አግኚው፤ ያስተማርኩሽ ለዚሁ ነው።

ኮዱን ሙሉውን ከሁለቱ ሰርቨሮች የይለፍ ቃል ጋር ልኬልሻለሁ። ጸሐፊያችን ኑሕ በስልኩ ሲጽፍ በየቃሉ መካከል ሁለት ሦስት ክፍተት ይተዋል፤ መስመርም እንዳሻው ይቆርጣል። ስለዚህ «ማንኛውንም ባዶ ቦታ፣ ቢበዛም ቢያንስም፣ በአንድ ባዶ ቦታ ተካ» የሚል የማጽጃ ደንብ አስገብቼበታለሁ። ወደ አዲሱ ሰርቨር ሳዛውርም የአባላቱን ስም ሁሉ በዚሁ ደንብ አሳልፌ አጽድቼዋለሁ። በበኩሌ እንከን አላየሁበትም።

ሰርቨሩን የሚያከራዩት ሰዎች ዘንድ ደውዬ ነበር። ያነሳው ጎረምሳ እንዲህ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሳይቱ ይከፍታል አይደል?»

«ይከፍታል።»

«በቃ፣ ይሠራል ማለት ነው።»

«ፊደል ይሰብራል እያልኩህ!»

«እ... ማለቴ፣ በእንግሊዝኛ ሞክረውታል? በእንግሊዝኛ ችግር አያመጣም።»

«ሟቹን በእንግሊዝኛ ልቅበራቸው?»

ዘጋብኝ። ወይም መስመሩ ተቋረጠ፤ ለሁለቱም እኩል ዕድል እሰጣለሁ።

እትዬ ጌጤን ብርዱ ገና አልለቀቃትም። ከአልጋዋ ሆና ከኮምፒውተሩ ጋር ስጨቃጨቅ ትሰማኛለች። «ዛሬም ከሳጥኑ ጋር ተጣላህ? ላስታርቃችሁ እንዴ?» ትለኛለች። ትናንት ደግሞ «ፊደሉ ተስተካከለ? እንግዲህ ሰው ይመጣል?» አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አንቺም ስለ እሷ ብዙ አትጠይቂኝ። የሰርቨሩን ነገር ንገሪኝ።

ፊሊሞን


ታምፔሬ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፊሊሞን፤

ቀኑን ቆጥሬ አግኝቼዋለሁ፤ ማርክ ይስጡኝ። ጌታ ጤናውንና ዕረፍቱን አብዝቶ ይስጥዎ፤ ለእማማ ጌጤም ምሕረቱን ይላክላቸው።

ስህተቱን አገኘሁት።

ኮምፒውተር የእኛን አንድ ፊደል እንደ አንድ ነገር አያስቀምጠውም። በሦስት ቁራጭ ነው የሚያስቀምጠው። እንደ ጉልቻ ያስቡት፤ ሦስቱ ድንጋይ አንድ ላይ ሲሆኑ ድስቱን ይሸከማሉ። የእርስዎ የማጽጃ ደንብ ግን ጽሑፉ አማርኛ መሆኑ ስላልተነገረው ድንጋዮቹን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። የ«አ»፣ የ«በ» እና የ«ጠ» ሦስተኛ ቁራጭ አንድ ቁጥር ናት፤ ያቺ ቁጥር በድሮ የላቲን ሰንጠረዥ ውስጥ «ባዶ ቦታ» ማለት ናት። አዲሱ ሰርቨር የተዋቀረው በዚያ ሰንጠረዥ እንዲያነብ ነው። ስለዚህ ቁራጯን ሲያያት ባዶ ቦታ መሰለችውና ጠረጋት። ድስቱ ተደፋ። የ«ቅ» እና የ«ህ» ደግሞ የመስመር መጨረሻ መስላ ትጠረጋለች። የእርስዎ ኮምፒውተርና የድሮው ሰርቨር በዚያ ሰንጠረዥ ስለማያነቡ ምንም አልነኩም። ኮዱ አንድ ቢሆንም ሁለቱ ሰርቨሮች «ባዶ» የሚሉት ነገር አንድ አይደለም።

መድኃኒቱ አጭር ነው። በደንቡ መጨረሻ «ዩ» የምትባለውን አንዲት የላቲን ፊደል ይጨምሩ። «ይህ ዩኒኮድ ነው፤ ፊደሉን ሙሉውን አይተህ ፍረድ» ብሎ እንደማዘዝ ነው። ከዚያ በሁለቱም ሰርቨር አንድ ዓይነት ይሠራል።

ያመለጠው እርስዎን ብቻ አይደለም። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ሥራዬ ላይ የፊንላንዶችን ስም በዚሁ ደንብ ቆርጬ አለቃዬን አስለቅሻለሁ።

እውነቱን ግን አሁንም አልጻፉልኝም።

ሀሌሉያ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀሌሉያ፤

እንደምን ከረምሽ። እኛን እንደምን ከረማችሁ አትበዪን።

ያልሽኝን ፊደል ጨመርኩ። ለሙከራ አንድ ስም በእጄ ጻፍኩ፤ ጥሪው ሳይሰበር ወጣ። ደስ ብሎኝ ጮኼ ተነሳሁ፤ ኑሕንም ሳቢትንም ጠርቼ አሳየኋቸው። ሳቢት «ማሻ አላህ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ፤ ከሱቁም ለስላሳ አወጣልን።

በሳምንቱ የሳቢት እናት ወይዘሮ ዘይነብ ሞቱ። የሙስሊም ቀብር እንደምታውቂው አያድርም፤ ጠዋት ሞተው ከቀትር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ። ኑሕ ስማቸውን ከዝርዝሩ መረጠ፣ ሰዓቱን ሞላ፣ ላከ። ጥሪው ባዶ ሆኖ ሄደ። የተሰበረ ፊደል እንኳ የለበትም። ነጭ ወረቀት። ከሥሩ የቅጣት ቁልፏ ብቻ ቁጭ ብላለች።

 የአቶ ኪሩን ሬሳ የተሸከመው ሳቢት የእናቱን ቃሬዛ የሚይዝለት አጥቶ ቆሞ ዓይኑን ወደ መንገዱ ሲወረውር አየሁት። አንዴ ብቻ «ጋሼ ፊሊሞን፣ ምናልባት ትራንስፖርት ይዟቸው ይሆናል» አለኝ። እሱ ነው እኔን የሚያጽናናኝ! ይህን ውርደት እንዴት አድርጌ ላስረዳሽ?

አንቺ «መድኃኒቱ አጭር ነው» ብለሽኛል። ያንቺ መድኃኒት በሽተኛውን ገደለው።

እውነቱን ካልነገሩኝ ብለሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል፤ እንኪ። እትዬ ጌጤን ብርድ አልመታትም። ልቧ ነው። ሐኪሙ ነሐሴ ላይ ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ «ቤት ወስደው ይንከባከቧቸው» ብሎኛል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔም ለእሷም አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ዕድሜዋን ሙሉ የእድሩን ንፍሮ የቀቀለች፣ የማንም ሞት ያላመለጣት ሴት ናት። ባል አልነበራት፣ ልጅ አልወለደች፤ እኔን አሳድጋ አስተማረች። ያላት ሀብት የሄደችበት ቀብር ነው። ስለ ሞት አታወራም፤ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል» ብያታለሁ። ስለዚህ መቼም ይሁን መች ይድረስ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ጥሪው ለምን ባዶ እንደሆነ በአስቸኳይ ጻፊልኝ።

ፊሊሞን


ታምፔሬ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፊሊሞን፤

መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። መድኃኔዓለም በቤትዎ ይቁም፤ እማማ ጌጤን ከሕመማቸው ያሳርፍልን።

ባዶ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ሰርቨሩን ሲያዛውሩ የአባላቱን ስም ሁሉ በዚያው ደንብ አጽድተው ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የተቀመጡት ስሞች ያኔውኑ ተነክሰዋል። ወይዘሮ ዘይነብ የአባታቸው ስም አህመድ ነው፤ «አ»ም «ህ»ም ጎድሎባቸዋል። አዲሷ «ዩ» ደግሞ ጥብቅ ናት፤ በጽሑፉ ውስጥ አንድ የጎደለ ፊደል ካገኘች ጽሑፉን ሙሉውን አልቀበልም ትላለች። ሙከራዎ የሠራው ስሙን በእጅዎ ስለጻፉት ነው። ይህን አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ስሞቹን በሙሉ እንደገና መጻፍ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ከፈለጉ እኔ ልጻፋቸው፤ አሁን ጊዜ አለኝ።

ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ እሱን እንዴት እንደምጽፈው ግን አላውቅም። ጋሼ፣ ያቺን የቅጣት ቁልፍ ለጊዜው ቢያነሷትስ? ጥሪውንም በመልእክት ብቻ አይተዉት። በድምፅ ይደውሉላቸው። በተለይ ለእማማ ጌጤ።

ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልልክልዎ አስቤ ነበር። በማን ስም ልላከው?

ሀሌሉያ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀሌሉያ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታዬ አጭር ቢሆን አትቀየሚ።

ገንዘብ አልጠየቅኩሽም። መልስ ነው የጠየቅኩሽ፤ እሱን ወር ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ላክሽው። ስሞቹን እኔው ራሴ ጽፌ ጨርሻለሁ። የራሳችን የአባታችን ስም እንኳ ተነክሶ ተቀምጦ ነበር፤ «ዋቅጋሪ» ላይ «ቅ» የለችም። አባቴን እኔው አጽድቼ ጎዶሎ አደረግኩት ማለት ነው። አሁን ሁሉም ስም ሙሉ ነው። በቤቴ ኮምፒውተር፣ በድሮው ሰርቨርና በአዲሱ ሰርቨር እያንዳንዱን አባል እንደሞተ አድርጌ ሞከርኩት። ሊቀመንበሩን አቶ ዮፍታሔን ደግሜ ገደልኩት፤ ለጥንቃቄ። ሁሉም ያለ እንከን ወጣ።

ስለ መደወል ያልሽው አይሆንም። እድር ያስታውቃል እንጂ አይለምንም። «ና እህቴን ቅበርልኝ» ተብሎ የሚለመን አባል ካለ አባል አይደለም። እትዬ ጌጤ ለማንም ቤት ተለምና ሄዳ አታውቅም። ቁልፏም ሥርዓት ናት፤ ቅጣት የሌለው ሕግ ምክር ነው። ምን እንዳየሽ በግልጽ ካልጻፍሽ ደግሞ በፍንጭ አታስቸግሪኝ።

እትዬ ጌጤ ራሷ ጥሪውን ካላየሁ ብላ አስጨነቀችኝ። በስሟ አዘጋጅቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ገና ሳልሞት ቀበርከኝ?»

«ሙከራ ነው፣ እትዬ።»

«ያምራል። ግን ‹እህታችን› በልበት፤ ‹ወይዘሮ ጌጤ› ብቻ ሲሆን የባንክ ይመስላል። ንፍሮው ደግሞ ሁለት ድስት ይሁን።»

«ሁለት ድስት ምን ያደርጋል?»

«አንተ ስታስተምር ኖርክ እንጂ ለቅሶ ቤት አታውቅም። ከገላን የመጣ ሰው ሳይቀምስ ይመለስ? በኔ?»

«እህታችን» የሚለውን ጨምሬበታለሁ።

ፊሊሞን


ታምፔሬ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፊሊሞን፤

ቁጥሬን ከአባላቱ ጋር አስገብተውት ኖሯል፤ ጥሪው ለእኔም ደረሰኝ። «እህታችን ወይዘሮ ጌጤ ዋቅጋሪ» ይላል። አንዲት ፊደል አልተሰበረችም። ደጋግሜ አነበብኩት።

የእማማ ጌጤን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ለእርስዎ መጽናናቱን ይስጥዎ። መምጣት እንዳልቻልኩ ያውቃሉ፤ ሽንብራ የሚለቅምልዎ ሰው እንኳ አልሆንኩም።

ሰው መጣ ብዬ ልጠይቅዎ ፈርቻለሁ። ሲችሉ ይጻፉልኝ።

ሀሌሉያ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሌሉያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አርባዋን ካወጣሁ በኋላ እጽፋለሁ ብዬ ነው የቆየሁት።

ያረፈችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ጥሪውን ማታውኑ እኔው ላክሁት። በስልኬም፣ በኑሕም፣ በሳቢትም ስልክ አየሁት፤ ሁሉም ፊደል በጉልቻው ላይ ቆሟል። ቀብሩ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ነበር፤ ቅዳሜን የመረጥኩት ሥራ ያለበት ሰው እንዳይቸገር ነው። ድንኳኑን ኑሕና ሳቢት ተከሉ፤ ወንበሩን ሁሉ ዘረጋን። የሳቢት ሚስት ኡመይማ ንፍሮውን ስትቀቅል አድራ ሁለት ድስት አደረሰች። ቃሏን ጠብቀናል።

አምስት ሰዓት ሆነ። መንገዱን አየሁ። «ትራንስፖርት ይዟቸው ይሆናል» ልል ስል የሳቢት ዓይን ከዓይኔ ገጠመ፤ ዋጥኩት።

የመጡት ከመንገዱ በላይ የቀሩት ጎረቤቶች፣ የአቶ ኪሩ ልጆችና ሁለት አሮጊቶች ናቸው። አሮጊቶቹ ዘመናዊ ስልክ የላቸውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከሰው አፍ ሰምተው ነው የመጡት።

በፍትሐቱ መካከል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንገድ ጠፍቷቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ አወጣሁት። ቅጣት ነው። አባል በከፈለ ቁጥር እንዲያሳውቀኝ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከገላን ከፈሉ፣ ከኮዬ ፈጬ ከፈሉ፣ ከአራብሳ ከፈሉ። ካህኑ «ነፍሷን ተቀበል» ሲል ይንቀጠቀጣል፤ አፈር ስናለብስ ይንቀጠቀጣል። ማጥፋት እንኳ አልቻልኩም፤ እጄ በአፈር ተይዟል። ከሰዓት በኋላ አቶ ዮፍታሔ ደወለ። «ጋሼ ፊሊሞን፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እትዬ ጌጤን የመሰለ ሰው! የእኔ ደርሶሃል አይደል?» አለኝ። ከጀርባው የጓደኞቹ ሳቅ ይሰማኝ ነበር፤ በእሱ ላይ አልፈርድም፤ ሥርዓቱን ፈጽሟል። በእድሩ ታሪክ እንዲህ ተሟልቶ የተከፈለበት ቀብር የለም።

ሁለተኛውን ድስት ክዳኑን አልከፈትነውም። ኡመይማ ማታ ላይ «የት ላድርገው?» አለችኝ። ለደጀ ሰላም ሰዎች ወሰደችው።

አንቺ ይህንን አይተሽው ነበር። ከቀብሩ በኋላ እኔም ገብቼ አየሁት። ፊደሉ ደህና በነበረባቸው በእነዚያ ሁለት ዓመታትም ከቀብር ወደ ቀብር ቁልፏን የሚጫነው እየበዛ ነው የሄደው። መስመሩ አይንገዳገድም፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህን መስመር ለተማሪ ሰጥቼው ሳያየው ቢቀር ኤፍ እሰጠው ነበር። የተሰበረው ፊደል ለእነሱ ሰበብ ሆናቸው፤ ለእኔም ሆነኝ። ቁልፏን ላነሳት ብዬ ተቀምጬ ተውኳት። ባነሳት ሳይከፍሉ ይቀራሉ እንጂ አይመጡም። ስለዚህ ከእንግዲህ ኮዱን አትመርምሪው። ስህተት የለበትም።

ደብዳቤዎችሽን መልሼ አንብቤያቸዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ «አሁን ጊዜ አለኝ» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ያኔ በቁጣ አለፍኩት። ሥራ ከሌለሽ መቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ሳይኖርሽ ልትልኪ የነበረውንም ገንዘብ ባለመቀበሌ ደስ ብሎኛል።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ኑሕ ወደ ገላን ሊዛወር ነው፤ ኮሚቴውም ከተሰበሰበ ቆይቷል። በእኔ ስም ጥሪ አዘጋጅቼ በሰርቨሩ ላይ አስቀምጫለሁ። በሁለቱም ቦታ ሞክሬዋለሁ። ክፍት የተተወው ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ነው። አዲሱን የይለፍ ቃል ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጊዜው ሲደርስ ሳቢት ይደውልልሻል፤ ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ። ክፍቱን ሞልተሽ ላኪው። ከመላክሽ በፊት አንዴ አንብቢው፤ «ቅ»ዋን በተለይ እዪያት።

የምትኖሪበት አገር ፀሐይ ይብዛልሽ። የቀረሽ ዘመን ሰው ያለበት ይሁን።

የሚመጣ የለም። ቢሆንም ፊደሉ ሳይሰበር ይሂድ።

ፊሊሞን ዋቅጋሪ